አማካሪው ሲሄድ ለወረዳው ምን ይቀራል? በጎ ፈቃደኛ የአየር ንብረት ባለሙያዎችና የለጋምቦ ደጋ

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2027 የሚካሄደውን 32ኛውን የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ጉባኤ በአዲስ አበባ እንደምታስተናግድ፣ በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. በብራዚሏ ቤሌም ከተማ በተካሄደው 30ኛው ጉባኤ ተወስኗል። እ.ኤ.አ. 2026 ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ለዘላቂ ልማት የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ዓለም አቀፍ ዓመት ተብሎ ተሰይሟል። እነዚህ ሁለት ጉዳዮች የሚገናኙበት፣ በከተማ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ዘንድ የሚታወቅ፣ በገጠር ግን እምብዛም የማይታወቅ የሥራ መስክ አለ፤ በሀገር ውስጥ በጎ ፈቃደኝነት የአየር ንብረት ለውጥ መርሐ ግብሮችን ማማከር።

አማካሪዎቹ የሚያረቅቋቸው ዕቅዶች ፍጻሜ የሚያገኙት በአዲስ አበባ ቢሮዎች ሳይሆን እንደ ለጋምቦ፣ ቦረና እና አማራ ሳይንት ባሉ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች ነው። የበልግ ዝናብ ሲዘገይ የሚጨነቀው፣ ተራራው ሲራቆት እርከን የሚሠራው፣ ችግኝ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣው የእነዚህ ወረዳዎች አርሶ አደር ነው። ስለዚህ በአቀስታና በመካነ ሰላም ዙሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ቀላል ነው። አማካሪው የተመደበበት ጊዜ አልቆ ሲሄድ ለወረዳውና ለቀበሌው ምን ይቀራል?

በጎ ፈቃደኛ አማካሪ ማን ነው?

የተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም በ1963 ዓ.ም. በጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔ የተቋቋመ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ በጀርመን ቦን ከተማ የሚገኝ፣ በመንግሥታቱ ድርጅት የልማት ፕሮግራም ሥር የሚተዳደር ተቋም ነው። በጎ ፈቃደኞቹ ዓለም አቀፍና የሀገር ውስጥ ተብለው ይለያሉ። የሀገር ውስጥ በጎ ፈቃደኛ የሚባለው በሀገሩ፣ በወገኖቹ መካከል የሚያገለግለው ነው።

ምድቦቹ በዕድሜና በልምድ ይለያያሉ። በወጣቶች ምድብ ከ18 እስከ 26 ዓመት ያሉ ይገባሉ። የስፔሻሊስት ምድብ ቢያንስ 27 ዓመት የሞላውና 3 ዓመት የሥራ ልምድ ያለው ባለሙያ ይፈልጋል። የከፍተኛ ባለሙያ ምድብ ደግሞ 35 ዓመትና 15 ዓመት ልምድ ይጠይቃል። የአየር ንብረት አማካሪነት ቦታዎች አብዛኛውን ጊዜ ልምድ ያላቸውን ባለሙያዎች የሚሹ ናቸው። ተመዳቢዎቹ የሚሠሩት በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ውስጥ ወይም ድርጅቶቹ በሚደግፏቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነው።

በጎ ፈቃደኛ ሲባል ያለ ምንም ክፍያ የሚያገለግል ሊመስል ይችላል። ተመዳቢው ደመወዝ አይከፈለውም፤ ሆኖም ለኑሮው የሚሆን ወርሃዊ አበልና የሕክምና መድን ያገኛል። ይህ ልዩነት ከታች ለሚነሣው የፍትሐዊነት ጥያቄ መነሻ ስለሆነ መታወቅ ይኖርበታል።

ሥራው በአብዛኛው የወረቀትና የመረጃ ሥራ ነው። አማካሪው የፕሮጀክት ሐሳብ ያረቅቃል፤ የመነሻ መረጃ ያሰባስባል፤ የውጤት መለኪያዎችን ያዘጋጃል፤ ፕሮጀክቱ በሴቶችና በወንዶች ላይ የሚኖረውን የተለያየ ተጽዕኖ ይመረምራል፤ ለለጋሾች ሪፖርት ይጽፋል። ይህ ሥራ ከእርሻ ማሳ የራቀ ቢመስልም የአንድ ወረዳ ስም በፕሮጀክት ሰነድ ውስጥ መግባቱና አለመግባቱ የሚወሰነው በዚሁ ሥራ ጥራት ነው።

የደጋው ጥያቄ

አቀስታ የለጋምቦ ወረዳ ርእሰ ከተማ ናት፤ ከደሴ ተነሥቶ በምዕራብ በኩል ወደ መካነ ሰላም በሚዘልቀው መንገድ ላይ ትገኛለች። የአካባቢው ውኃ በበሽሎና በወለቃ በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል። በከፍተኛው ደጋ የገብስ፣ የስንዴና የባቄላ እርሻ እንዲሁም የበግ እርባታ የኑሮው ምሰሶዎች ናቸው።

የዚህ ደጋ ልዩ ጸባይ የበልግ ጥገኝነቱ ነው። በሌላው የክልሉ ክፍል ዋናው የእርሻ ወቅት መኸር ሲሆን፣ በለጋምቦና በአጎራባቾቹ ከፍተኛ ቦታዎች ግን ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጥለው የበልግ ዝናብ የብዙ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ የሚታፈስበት ነው። በእነዚህ ቦታዎች ክረምቱ ሲከብድ ማሳው ውኃ ይቋጥራል፤ ብርዱም ሰብሉን ያዘገየዋል። ጥቅምትና ኅዳር ሲገባ ደግሞ ውርጭ ይጥላል። በመሆኑም በበልግ የታጣውን በመኸር ማካካስ ለአርሶ አደሩ ቀላል አይደለም።

በልግ ሲዘገይ ጉዳቱ እየተያያዘ ይመጣል። ዘግይቶ የተዘራው ገብስ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ሳይታጨድም ሐምሌ ላይ በረዶ ይመታዋል። ማሳው በጊዜ ካልተለቀቀ የመኸሩ ዘር ይዘገያል፤ የዘገየው መኸር ሳያፈራ ውርጭ ያገኘዋል። ሣሩ ካልበቀለ በጉ ይከሳል፤ የከሳ በግ ገበያ ሲወጣ ዋጋ አያወጣም። የእህል ዋጋ በሚወደድበትና የበግ ዋጋ በሚረክስበት በዚያው ወር ቤተሰቡ ሻጭም ሸማችም ሆኖ ይከስራል። በአቀስታ ገበያ የሚገበያየው የከተማ ነዋሪም ከዚህ አያመልጥም፤ የገጠሩ ኪስ ሲሳሳ የከተማው ሱቅ ይቀዘቅዛል።

ወሎ ድርቅን በስሙ የሚያውቅ ሕዝብ ነው። የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ረኃቦች፣ በ1992 ዓ.ም. የበልጉ መክሸፍ ያስከተለው ችግር፣ በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ምክንያት በሀገር አቀፍ ደረጃ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ለዕርዳታ የተዳረጉበት ድርቅ አልተረሱም። በአካባቢው ዝናብ ሲጠፋ ወደጃ ተቀምጦ ዱዓ ማድረግ የቆየ ባህል ነው፤ ችግሩ አዲስ አለመሆኑን ባህሉ ራሱ ይመሰክራል። አዲሱ ነገር አርሶ አደሩ በልምድ የሚያውቀው የዝናብ መግቢያና መውጫ እንደ ቀድሞው አስተማማኝ መሆኑ መቅረቱ ነው።

አማካሪው ሊመልስለት የሚገባው ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። ኮምቦልቻ የሚገኘው የምሥራቅ አማራ የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ማዕከል ወቅታዊ ትንበያ ያወጣል። ትንበያው የሚቀርበው የዝናቡ መጠን «ከመደበኛው በላይ»፣ «መደበኛ» ወይም «ከመደበኛው በታች» የመሆን ዕድሉ ስንት ከመቶ እንደሆነ በመግለጽ ነው። አርሶ አደሩ የሚጠይቀው ደግሞ ሌላ ነው። ዘሩን በዚህ ሳምንት ልበትነው ወይስ ልቆይ? ቶሎ የሚደርስ ገብስ ልዝራ ወይስ የለመድኩትን? በጎቼን አሁን ልሽጥ ወይስ ላቆይ? በመቶኛ የተነገረውን ትንበያ ወደ እነዚህ ውሳኔዎች የሚመነዝር ሰው ካልተገኘ፣ ትንበያው ትክክል ቢሆንም ለማሳው አይደርስለትም።

ገንዘቡ በየት በኩል ይመጣል?

ኢትዮጵያ ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂዋን ይፋ ያደረገችው በ2004 ዓ.ም. ነው። ስትራቴጂው እ.ኤ.አ. በ2010 የሀገሪቱ የበካይ ጋዝ ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ እንደነበረ፣ ምንም ካልተደረገ እ.ኤ.አ. በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ቶን እንደሚያድግ አስልቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የተሻሻለው ሀገራዊ ቁርጠኝነት ደግሞ ልቀቱን እስከ 2030 ድረስ ከተገመተው በ68.8 ከመቶ ለመቀነስ ቃል ገብቷል። ከዚህ ውስጥ 14 ከመቶው በሀገሪቱ አቅም፣ ቀሪው 54.8 ከመቶ በውጭ ድጋፍ የሚፈጸም ነው። ከዕቅዱ ሰፊው ክፍል የተመሠረተው ከውጭ በሚገኝ ገንዘብ ላይ መሆኑን ቁጥሮቹ ራሳቸው ይናገራሉ።

ከዚህ ገንዘብ አንዱ ምንጭ መቀመጫውን በደቡብ ኮርያ ያደረገው አረንጓዴ የአየር ንብረት ፈንድ ነው። ፈንዱ ገንዘብ የሚሰጠው በራሱ መስፈርት መዝኖ ዕውቅና ለሰጣቸው ተቋማት ብቻ ነው። በኢትዮጵያ የገንዘብ ሚኒስቴር ይህን ዕውቅና በ2008 ዓ.ም. አግኝቷል። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያም እየጨመረ የመጣውን የድርቅ ስጋት ለመቋቋም የቀረበ የ50 ሚሊዮን ዶላር ፕሮጀክት ጸድቋል፤ 45 ሚሊዮኑ ከፈንዱ፣ 5 ሚሊዮኑ ከመንግሥት የሚሸፈን ነው። ፕሮጀክቱ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የውኃ ማውጫን፣ አነስተኛ መስኖንና የተራቆተ መሬት ማገገምን አጣምሮ የያዘ ነው።

እንዲህ ያለ ገንዘብ ለማግኘት ድርቅ መኖሩን መናገር አይበቃም። የዝናቡ ሁኔታ በዓመታት ውስጥ እንዴት እንደተለወጠ፣ ጉዳቱ ከተለመደው የልማት እጦት በምን እንደሚለይ፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ማን እንደሚረከበው በመረጃ ማስረዳት ያስፈልጋል። በዚህ ፉክክር መረጃ ያለው አካባቢ ያሸንፋል። የዝናብ መለኪያ መዝገቡ የተቆራረጠ፣ የምንጮቹ መጠን ያልተለካ፣ የበልግ ምርቱ በቀበሌ ደረጃ ያልተመዘገበ ወረዳ ጉዳቱ የቱንም ያህል ቢከብድ በሰነድ ፊት ድምፁ ደካማ ነው።

በጎ ፈቃደኛ አማካሪ ትልቁን ጥቅም ሊሰጥ የሚችለውም በዚህ ቦታ ነው። ለወረዳው የጎደለው ስለ ችግሩ የሚያውቅ ሰው አይደለም፤ ችግሩን አርሶ አደሩም የግብርና ባለሙያውም ጠንቅቀው ያውቁታል። የጎደለው ያንን ዕውቀት በቁጥር መዝግቦ፣ ፈንዶች በሚጠይቁት መልክ አደራጅቶ የሚያቀርብ እጅ ነው። አማካሪው ግን በአብዛኛው የሚቀመጠው በፌዴራል ወይም በክልል መሥሪያ ቤት በመሆኑ ወረዳውን የሚያየው በጥቂት ቀናት የመስክ ጉብኝት ነው። በበልግ ወቅት ያልመጣ አማካሪ ደግሞ ሀገሩን ሙሉ በሙሉ አየ ማለት አይቻልም።

የወሎ ተራሮች ያስተማሩት

የተማረ ሰው በአገልግሎት መልክ ወደ ገጠር መሄዱ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በንጉሡ ዘመን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ የሚያደርግ ሥርዓት ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን በመላ ሀገሪቱ አሠማርቷል። እነዚያ ዘማቾች መጥተው ሄደዋል። ከሥራቸው የቆየው የገጠሩ ሕዝብ ተቀብሎ የራሱ ያደረገው ብቻ ነው።

ወሎ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ትምህርት አላት። ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም የምግብ ፕሮግራም ድጋፍ «ምግብ ለሥራ» በሚባል ስልት እጅግ ሰፊ የእርከንና የደን ሥራ በሰሜኑ የሀገሪቱ ደጋዎች ተከናውኖ ነበር። ሥራው በቴክኒክ ረገድ ብዙ የተለፋበት ቢሆንም ዕቅዱ ከላይ የወረደ፣ ተራራው የማን እንደሆነ ለአርሶ አደሩ ያልተነገረበት ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በወሎ በብዙ ቦታዎች የማኅበረሰብ ደኖች ተመነጠሩ፤ እርከኖችም ፈረሱ። ገበሬው ያፈረሰው የአፈር ጥበቃን ጥቅም ስላልተረዳ ነው ማለት ስሕተት ነው። እርከኑም ደኑም የእርሱ እንዳልነበሩ ያውቅ ስለነበር ነው።

ከዚህ ውድቀት የተማሩ ባለሙያዎች አቅጣጫ ቀይረዋል። በ1997 ዓ.ም. የግብርና መሥሪያ ቤቱ ያወጣው የማኅበረሰብ አሳታፊ የተፋሰስ ልማት መመሪያ፣ ዕቅዱ ከትንሽ ተፋሰስ እንዲጀምርና ነዋሪው ራሱ እንዲያቅድ የሚያዝ ነው። በዚያው ዓመት የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት መርሐ ግብርም በደቡብ ወሎ በርካታ ወረዳዎች የሕዝብ ሥራዎችን ከዚህ ጋር አያይዟል።

ስለ መረጃም እንዲሁ ጥሩ ምሳሌ በዞኑ ውስጥ አለ። ከደሴና ከኮምቦልቻ ብዙም በማትርቀው ማይባር በ1973 ዓ.ም. የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሟል። ከስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የተመሠረተው ይህ ጣቢያ ዝናቡን፣ ጎርፉንና የሚታጠበውን አፈር በየጊዜው ሲለካ ቆይቷል። ማይባር በዓለም አቀፍ የአፈር ሳይንስ ጽሑፎች ስሟ የሚጠራው በዚህ መዝገብ ነው። ባለሙያ ይለዋወጣል፤ ቀን በቀን የተጻፈ መዝገብ ግን ይቆያል። ለጋምቦም ሆነ ቦረና ከአንድ አማካሪ ሊጠይቁት የሚገባው ትልቁ ውለታ እንዲህ ያለ ልማድ መትከል ነው።

አበል የሚከፈለውና የማይከፈለው በጎ ፈቃደኛ

በአማራ ክልል ትልቁ የአየር ንብረት በጎ ፈቃደኛ አርሶ አደሩ ነው። በየዓመቱ ከጥር ወር ጀምሮ በሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ሕዝቡ አካፋና ዶማ ይዞ ለሳምንታት በነፃ ይሠራል። ክረምት ሲገባ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሚካሄደው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ችግኝ ይተክላል። ለዚህ ጉልበቱ የኑሮ አበልም ሆነ የሕክምና መድን የለውም። እርከን ሲሠራ እግሩ ቢሰበር የሚያነሣው ቅሬው ነው።

ይህን ማንሣት አማካሪውን ለመውቀስ አይደለም። የአማካሪው አበል ለኑሮ የሚበቃ እንጂ የሚያበለጽግ አይደለም፤ ሙያውም ያስፈልጋል። ሆኖም የአርሶ አደሩ ጉልበት በፕሮጀክት ሰነዶች ውስጥ «የማኅበረሰብ ተሳትፎ» ተብሎ በአንድ መስመር ሲታለፍ እውነተኛው ወጪ ይደበቃል። ለጋሾች «የእናንተ ድርሻ ስንት ነው?» ብለው ሲጠይቁ በአቀስታ ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎች መልስ አላቸው። የሠሩት የሰው ቀን ተቆጥሮ፣ በአካባቢው የቀን ሠራተኛ ዋጋ ተባዝቶ ቢቀርብ ሕዝቡ ከተረጂነት ወደ ባለ ድርሻነት ከፍ ይላል። ይህን ስሌት ማዘጋጀት ለአንድ አማካሪ ከባድ ሥራ አይደለም።

የሴቶች ድርሻም በዚሁ መታየት ይኖርበታል። የአረንጓዴ ኢኮኖሚው ስትራቴጂ ቅድሚያ ከሰጣቸው አራት መስኮች አንዱ የገጠር ምድጃ ማሻሻል ነው፤ ሌሎቹ የውኃ ኃይል፣ የእንስሳት ሀብትና የደን ልማት ናቸው። በደጋው እንጨት በመመናመኑ ኩበት ለማገዶ ይውላል። ማዳበሪያ ሆኖ ማሳውን መመለስ የነበረበት እበት በምድጃ ይነዳል። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ጭሱን ይቀንሳል፤ እበቱንም ለአፈሩ ያተርፋል። ይሁንና ምድጃው ሲሰነጠቅ የሚጠግን በቅርብ ካልተገኘ ሴትዮዋ ወደ ሦስት ጉልቻዋ ትመለሳለች። የታደለውን ምድጃ የሚቆጥር ሪፖርት ይህን አያሳይም፤ ከዓመት በኋላ ተመልሶ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

ሌላው እውነታ የባለሙያ ፍልሰት ነው። በወረዳ ደረጃ ለዓመታት የሠራ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ልምድ ሲያካብት በአማካሪነት ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ለእርሱ ዕድገት ነው፤ ለወረዳው ግን ክፍተት ነው። በዚህ ላይ በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የቀጠለው ግጭት የባለሙያዎችን እንቅስቃሴ አስቸጋሪ አድርጎታል። የመስክ ጉብኝት በሚቆምበት ጊዜ በአካባቢው የሚኖር ሰው የሚይዘው መረጃ ዋጋው ይበልጥ ይጨምራል።

ከሌሎች የሚቀሰም ልምድ

ወላይታ ውስጥ የሚገኘው የሁምቦ ተራራ የደን ፕሮጀክት ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። በዚያ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በዋነኛነት ከጉቶ የሚያቆጠቁጠውን ነባር ዛፍ በመንከባከብ እንዲያገግም ተደርጓል። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ2009 በዓለም አቀፉ የንጹሕ ልማት ሥርዓት ተመዘገበ፤ ከሚጠበቀው የካርቦን ቅነሳ 165 ሺህ ቶኑን በዓለም ባንክ በኩል የባዮካርቦን ፈንድ ለመግዛት ተስማማ። የውጭ አማካሪዎች ስሌቱን ሠርተዋል፤ ሰነዱንም አዘጋጅተዋል። ነገሩ የጸናው ግን ነዋሪዎቹ በኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው የደኑን የመጠቀም መብት በእጃቸው ስላስገቡ ነው። ገንዘቡ ሲመጣ የሚቀበለው አካል ታውቆ ነበር።

በዚሁ ክልል በሰሜን ሸዋ መንዝ የጓሳ ሣር ምድር ለዘመናት የተጠበቀው ያለ አማካሪ ነው። ሕዝቡ «ቀሮ» በሚባል ሥርዓት ጓሳው የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ ራሱ ይወስን ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ሕዝቡ በኋላ በአዲስ መልክ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ አድርጎ አደራጅቶታል። በቦረናና በሳይንት መካከል ያለው የደንቆሮ ደንና በዙሪያው የተመሠረተው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክም ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን የያዘ፣ አስታና ጅብራ የሚበቅልበት የውኃ መገኛ ነው። የፓርኩ ዕጣ የሚወሰነው በአጥር ርዝመት ሳይሆን በዙሪያው ያለው አርሶ አደር ከሣሩና ከውኃው በሥርዓት የሚጠቀምበት ስምምነት በመኖሩ ነው።

ለምዕራብ ደቡብ ወሎ ይህን መሰል ስምምነት እንግዳ አይሆንም። አበጋሮች ደም የሚያደርቁበት፣ ቅሬ ሐዘንን የሚያስተናግድበት፣ ደቦ እርሻን የሚያግዝበት ሀገር ልቅ ግጦሽን ለመግታትና የተከለለ ተራራን ለመጠበቅ የሚያስችል የመተማመን ሀብት አለው። አማካሪው አዲስ ኮሚቴ ከማቋቋሙ በፊት ነባሮቹን ማየት ይገባዋል።

ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው እርምጃ የምደባ ቦታን ማስተካከል ነው። በአዲስ አበባ ከሚመደቡት በጎ ፈቃደኛ አማካሪዎች ጥቂቶቹ እንኳ ቢያንስ አንድ በልግና አንድ መኸር በዞንና በወረዳ ደረጃ እንዲቀመጡ ተቀባይ መሥሪያ ቤቶች ሊጠይቁ ይችላሉ። የደቡብ ወሎ ዞንም ይህን ጥያቄ ለማቅረብ የሚያበቃ ምክንያት አለው።

ሁለተኛው አማካሪውን ከቋሚ ተቋም ጋር ማያያዝ ነው። በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች ያሉት መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በአካባቢው ይገኛል፤ ደሴ ላይ ደግሞ ወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ። አማካሪው የሰበሰበው መረጃ በግል ኮምፒውተሩ ይዞት ከሚሄድ ይልቅ በዩኒቨርሲቲውና በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት እንዲቀመጥ በውል ሊሰፍር ይገባል። በየቀበሌው ያሉት የግብርና ባለሙያዎች የዝናብ መለኪያ ይዘው በየዕለቱ ቢመዘግቡ፣ የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት መዝገቡን ለሕዝብ ቢያሳዩ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወረዳው በማንም ፊት የሚያቀርበው የራሱ ማስረጃ ይኖረዋል።

ሦስተኛው የሕዝቡ ጠያቂነት ነው። አማካሪ ወደ ቀበሌ ሲመጣ አርሶ አደሩ ጥያቄ የሚመልስ ብቻ መሆን የለበትም። «የምትወስደው መረጃ ተመልሶ መቼ ይነገረናል? በዕቅዱ ውስጥ የእኛ ጉልበት ስንት ተብሎ ተቆጠረ? ውኃ ማውጫው ሲበላሽ መለዋወጫው ከየት ይመጣል? ተራራው ሲያገግም ሣሩን የሚያጭደው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። እነዚህ ጥያቄዎች ሥራው ሳይጀመር በቃለ ጉባኤ ቢጻፉ በ1983 ዓ.ም. የታየው ውድመት የሚደገምበት በር ይጠብባል።

በአቀስታና በመካነ ሰላም ያሉ ምሩቃንም ይህን መስክ እንደ ሩቅ ሀገር ሥራ ማየት አይገባቸውም። የሀገር ውስጥ በጎ ፈቃደኛነት ማስታወቂያዎች በፕሮግራሙ ይፋዊ ድረ ገጽ ይወጣሉ፤ ለመመዝገብም ሆነ ለመወዳደር ምንም ክፍያ አይጠየቅም። ገንዘብ ከፍላችሁ እናስቀጥራችሁ የሚል ሰው ቢመጣ አጭበርባሪ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። የበልግን ጸባይ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ፣ የአካባቢውን አነጋገርና ወግ የሚረዳ ምሩቅ የእንግሊዝኛ ሪፖርት አጻጻፍና የመረጃ ትንተና ቢጨምርበት ለዚህ ሥራ ከማንም የተሻለ ዕጩ ነው።

አዲስ አበባ በ2027 የዓለምን እንግዶች ስትቀበል ስለ አፍሪካ ደጋማ አርሶ አደሮች ብዙ ይነገራል። ያ ጉባኤ እስኪደርስ ጥቂት የበልግ ወቅቶች ብቻ ይቀራሉ። በእነዚህ ወቅቶች በለጋምቦ ቀበሌዎች የዘነበው ዝናብ ከተለካ፣ የተሠራው የሰው ቀን ከተቆጠረ፣ ያገገመው ተራራ የማን እንደሆነ ከተጻፈ፣ ወረዳው በጉባኤው አዳራሽ የሚያቀርበው የራሱ መዝገብ ይኖረዋል። ካልሆነ ግን ስለ እርሱ የሚናገሩት ሌሎች ይሆናሉ።